ከኋላ ቁጠሩ፦ ዘግይቶ ስለሚተከል የጓሮ ድንች

(በጓሮ አትክልት ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፣ እንደተነገረ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? እሺ። የቆማችሁት ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጥግ ወንበር አለ። ስለ ድንች ለመስማት ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዘንድሮ ድንች እተክላለሁ ብሎ ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ያመለጠው ስንት ሰው አለ? እጃችሁን አውጡ። አትፈሩ። ይኸው! ግማሽ አዳራሽ። እኔም አውጥቻለሁ። ከእናንተ የምለየው በየዓመቱ ማውጣቴ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ወሬ የእኛ የዘገየነው ነው። በጊዜው የተከላችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ ግን ዛሬ ተራው የእናንተ አይደለም። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» ይባላል አይደል? ድንች ላይ ስትተርቱት ተጠንቀቁ። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ መቅረቱ ይሻላል። የቱ መቼ እንደሆነ ለመለየት ሦስት ነገር አወራለሁ፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ዘሩ፣ ከዚያ መሬት ከገባ በኋላ ስላለው ጣጣ። ዘሩ ላይ ብዙ ልቆይ ስለምችል ከወዲሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ቀኑ።

የዘገየ ሰው ሁልጊዜ ያለፈውን ነው የሚቆጥረው። «ስድስት ሳምንት አልፎኛል» ይላል። ያለፈው ስድስት ሳምንት ለድንቹ ምኑ ነው? ድንቹ የሚኖረው ከፊቱ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከኋላ ቁጠሩ። ከመጨረሻው ቀን ተነሱና ወደ ዛሬ ኑ። መጨረሻው እንደየቦታው ይለያያል። ለአንዱ ውርጭ የሚጥልበት ሰሞን ነው። ለሌላው ውሃ የሚያልቅበት። ለሌላው ደግሞ አፈሩ እሳት የሚሆንበት። የእናንተን ታውቁታላችሁ። ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን አብረን እንቁጠር። እስከዚያ ቀን 14 ሳምንት አለኝ እንበል። መጀመሪያ 2 ሳምንት ቀንሱ። ለምን? ቅጠሉ ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ድንቹ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቆይ ነው ልጣጩ የሚጠነክረው። ልጣጩ ያልጠነከረ ድንች ጥሩ ነው፣ ይበላል፤ ግን አይቀመጥም። 12 ሳምንት ቀረኝ። 84 ቀን ማለት ነው። አሁን ዝርያውን እዩ። ቶሎ የሚደርሰው ከ70 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። መካከለኛው ከ90 እስከ 110 ገደማ። የሚዘገየው 120 ቀንና ከዚያም በላይ። 84 ቀን ይዤ የ120 ቀኑን ብተክል ምን አገኛለሁ? ቅጠል! የሚያምር፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው ቅጠል። ስትቆፍሩት ግን ብይ የሚያካክል ድንች።

10 ሳምንት ብቻ ቢቀርስ? ዝርያው ፈጣን ከሆነ፣ ዘሩም በደንብ ከጎነቆለ፣ ሞክሩት። ልጣጩ በጣት ሲያሹት የሚነሳ ትንንሽ ድንች ታወጣላችሁ። ከ8 ሳምንት በታች ከሆነ እኔ አልተክልም። ሌላ ነገር እዘራለሁ። ሞክሬው ነው የምላችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ድንች ከየት መጣ? ከአንዲስ ተራሮች። በቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች፣ የዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ ሰው አላመደው። እዚያ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ሲወሰድ የበጋው ረጅም ቀን ግራ አጋባው። ቅጠል ብቻ ያወጣና ቀኑ እስኪያጥር ድንች አልይዝም ይል ነበር። በረጅም ቀን የሚይዙትን እየመረጡ ለማላመድ ብዙ ትውልድ ፈጅቷል። ግን ያ የጥንቱ ጠባይ ጨርሶ አልጠፋም። ቀኑ እያጠረ በሚሄድበት ሰሞን የተተከለ ድንች ቁመቱ አጠር ይልና ቶሎ ወደ ሥራው ይገባል። ስለዚህ ዘግይታችሁ የተከላችሁት ተክል አነስ ብሎ ብታዩት ወዲያው «ከሸፈ» አትበሉ። ምርቱ ግን ያንሳል፤ ይሄን አልደብቃችሁም።

ሁለተኛው ነገር ዘሩ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ድንች አለ። ይሄኛውን ልብ ብላችሁ እዩት። ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የቆየ ነው። ተጨማዷል፣ ለስላሳ ሆኗል። ከዓይኖቹ የወጣው ነገር እንደ ክር ነው፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ስታነሱት የሚንጠለጠል። ከስንዝር ይበልጣል። አያችሁ? አሁን ስነካው አንዱ ተሰበረ። ይሄኛው ደግሞ ያው ዝርያ ነው፣ የተቆፈረውም በዚያው ቀን ነው። እሱን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ጉንቁሉ አጭር ነው፣ የጣቴን ጥፍር አያክልም። ጠንካራ ነው። ከታች ሐምራዊ፣ ከላይ አረንጓዴ። ገልብጬ ባራግፈው እንኳ አይወድቅም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ብርሃን ብቻ ነው። ጨለማ ያስረዝመዋል፣ ብርሃን ያሳጥረዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ መደብ ድንች ቆፍሬ አወጣሁ። መሬቱ ክፍት ነው፣ ድንቹ እጄ ላይ ነው። ምን ያስጠብቀኛል? ትንንሾቹን መርጬ በዚያው ሳምንት መልሼ ቀበርኳቸው። አንድ ሳምንት፣ ምንም። ሁለት፣ ምንም። ሦስት። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ወጥቼ አያለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀና በእጄ ጫርኩት። ድንቹ እንደቀበርኩት ቁጭ ብሏል። አልበሰበሰም፣ አልበቀለም። ያንኮራፋል ብል ይሻላል። አጥር ተደግፈው የሚያዩኝ ጎረቤት ነበሩ፣ እማማ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ተኝቷል እኮ። ምን ትነካካዋለህ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች ይተኛል። እንደ ዝርያው ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። እርጥበት ስለሰጣችሁት አይነቃም። ስለዚህ ዘግይቶ ለሚተክል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ድንች መቼ ተቆፈረ?» ነው። ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ እንቅልፉን ያሳጥረዋል፣ ግን ተአምር አይሠራም።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ተቃራኒውን ስህተት ሠራሁ። ዘር ከወዲሁ ያዝኩ፣ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፣ ረሳሁት። ሳወጣው እንደዚህ እንደመጀመሪያው ሆኖ አገኘሁት። ክሩን ሁሉ ላጭቼ ተከልኩት። ድንችም ያረጃል፤ ያረጀ ዘር ብዙ ቀጫጭን አገዳ ያወጣል፣ ቶሎ ይደክማል፣ የሚይዘውም ትንንሽ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ አፈር ውስጥ ቅጠል ሳያወጣ እዚያው ዘሩ ላይ ትንንሽ ድንች ይይዛል። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ላይ የተለጠፉ አራት ጠጠር የሚመስሉ ጥቃቅን ድንቾች። ከመሬት በላይ ግን አንድም ቅጠል የለም። ይሄ የጉልበት ማለቅ ነው።

እና ምን እናድርግ? ቀላል ነው። ለመትከል ካሰባችሁት ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ዘሩን አውጡ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ ደርድሩት። ዓይን የሚበዛበት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ብርሃን ያለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጡት። በቃ። ሊማ ያለው ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው፣ የዘር ድንችን እንዲህ በተበተነ ብርሃን ማቆየትን በብዙ አገር ሲያስተምር ኖሯል። ጉንቁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ሲሆን ዘሩ ደርሷል። ጎንቁሎ የተተከለ ድንች ካልጎነቆለው አንድ ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ለዘገየ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር ነው? በፍጹም! ያለፈውን ቀን የምትመልሱበት ብቸኛው መንገድ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ልመና ነው።

በነገራችን ላይ ብርሃን ያየ ዘር አረንጓዴ ይሆናል። ለዘር ጥሩ ነው። ለመብላት ግን አይሆንም፤ አረንጓዴ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ይይዛል። ቤት ውስጥ ለምግብ ካስቀመጣችሁት ጋር እንዳይቀላቀል።

ዘሩን ልቁረጠው ወይስ ሙሉውን? ቶሎና በቀዝቃዛ አፈር የምትተክሉ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሁለት ዓይን ይኑረው፣ ሁለት ሦስት ቀን ቁስሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ይተከላል። ዘግይታችሁ፣ አፈሩ ከሞቀ በኋላ ከሆነ ግን አትቁረጡ። ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ የተቆረጠ ድንች መበስበስ ይወዳል። የእንቁላል መጠን ያለውን ሙሉውን ትከሉ። ለመብል የተሸጠ ድንች ለዘር ማዋልም አያዋጣም፤ እንዳይበቅል መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ይዞ ሊሆን ይችላል። ዘር ከዘር ሻጭ ግዙ።

ብዙ ቆየሁ አይደል? ብያለሁ መጀመሪያውኑ። ሦስተኛውን እንሂድ።

እዚህ ካላችሁት ውስጥ ድንች ሥር ነው የሚል አለ? ወንድሜ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ይከራከራል። ካሮት ዓይን አለው? የለውም። ድንች ዓይን ያለው አገዳ ስለሆነ ነው። መሬት ውስጥ የሚሄድ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ያበጠ አገዳ። ዓይኑ እምቡጥ ነው። ይሄን የምላችሁ እውቀት ለማሳየት አይደለም። አዲሱ ድንች የሚያዘው ከዘሩ በላይ ባለው የአገዳው ክፍል ነው። ስለዚህ ከላይ አፈር ከሌለ ቦታ የለውም፣ ፀሐይ ያየዋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። አፈር ማስታቀፍ የሚባለው ለዚህ ነው። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ኮትኩቱና ከግራ ከቀኝ አፈር አስታቅፉት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ዘግይተው የሚተክሉ ሰዎች ይሄን ይዘሉታል። «ጊዜ የለኝም» ይላሉ። ኸረ ያንድ ሰዓት ሥራ ነው!

ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ነው። በዘርና በዘር መካከል 30፣ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ገደማ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሙቀቱ ነው ዋናው። ድንች መያዝ የሚወደው አፈሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ያቆማል። ቅጠሉ ይኖራል፣ ድንቹ ግን አይያዝም። ስለዚህ በሙቀት የምትተክሉ፣ ዋዜማውን ውሃ አጠጡ፣ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ትከሉ፣ ወደ 15 ሳንቲሜትሩ ጠለቅ አድርጉ፣ ከዚያ ከላይ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንዱን እጃችሁን ከጉዝጓዙ ሥር፣ አንዱን ገላጣው አፈር ውስጥ ክተቱ። ሌላ ማስረጃ አትፈልጉም።

አሁን ደግሞ የዘገየ ሰው ሁሉ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ጉድጓዱ ማዳበሪያ ነው። ስንዘገይ ምን እናስባለን? «ላፋጥነው!» እንላለን። ናይትሮጅን እንጨምራለን። እኔም ጨምሬያለሁ። አንድ ዓመት ለዘገየ መደብ ዩሪያ ሁለቴ ሰጠሁት። ወገቤ ደረሰ። ሰው ጠርቼ አሳየሁ። ናይትሮጅን ሲበዛበት ድንች ቅጠል ማብዛቱን ይቀጥላል፣ ድንች መያዙን ያዘገየዋል። የዘገየውን ጭራሽ አዘገየሁት ማለት ነው። ከመትከል በፊት በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ስጡት፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ትኩስ ፍግ ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉት፣ ልጣጩ ላይ የሚወጣውን ቅርፊት ያባብሳል።

ውሃው ላይ አንድ ነገር ብቻ። አበባ ሲያወጣ አጠጣዋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙ ዝርያ ጨርሶ አያብብም፣ አበባና ድንች መያዝም የግድ አብረው አይሄዱም። ከበቀለ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ገደማ ከሥር መያዝ ይጀምራል። ከዚያ ጀምሮ እንዳይጠማ። አንድ ሳምንት አድርቃችሁ በሚቀጥለው ብታጥለቀልቁት ድንቹ ይሰነጠቃል፣ ጉብጉብ ይላል፣ አንዳንዱም መሐሉ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ በሽታው። ዘግይቶ የተተከለ ድንች የሚያስፈራው ይሄ ነው። አንዳንዱ ዋግ ይለዋል፣ አንዳንዱ ምች። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ ዳርዳሩ ፈዛዛ። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ብታዩ ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ሻጋታ አለ። ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ አየር ይወዳል፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሆኖ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ከራሰ በቂው ነው። ለምን ዘግይቶ የተተከለውን ያጠቃል? ቀድመው የተተከሉት ላይ ሲባዛ ከርሞ ነው የእናንተ ላይ የሚደርሰው። እናንተ ገና ለጋ ቅጠል ይዛችሁ ትቀበሉታላችሁ።

ሳቃችሁ? አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1845 የደረሰው ይሄው በሽታ ነው። የሕዝቡ ትልቅ ክፍል፣ በተለይ ድሃው፣ በድንች ይኖር ነበር፣ የሚተክሉትም በአብዛኛው አንድ ዝርያ ነበር። አንዱን የያዘ ሁሉንም ያዘ። በጥቂት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገሩን ጥሎ ወጣ። በእርግጥ ድንቹ ብቻ አይደለም የገደላቸው፤ የመሬቱ ይዞታና የመንግሥቱ አያያዝም አለበት፣ ያ ሌላ ንግግር ይሆናል። እኔ ከዚያ ለጓሮዬ የወሰድኩት ሁለት ዝርያ መትከልን ነው። አንዱ ቢታመም አንዱ ይቆማል።

ውሃ ስታጠጡ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱ። ጠዋት አጠጡ። ጥቂት ቅጠል ላይ ካያችሁ ቀጥፋችሁ አውጡ። አገዳው ላይ ከደረሰ ግን አትለማመጡት። ማጭድ አምጡና ሁሉንም ከመሬት እኩል እጨዱ፣ ከጓሮ አርቁት። ቅጠሉ ላይ ያለው ዘረ በሽታ በዝናብ ታጥቦ ወደ ድንቹ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሳምንት አትቆፍሩ። አውቃለሁ፣ ያጓጓል። ልክ ያን ጊዜ ነው እማማ በአጥሩ በኩል «ይሄ ልጅ ዛሬም ይቆፍራል» የሚሉኝ።

ውርጭ ለምትፈሩ፦ ቀላል ውርጭ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ በደንብ የታቀፈውን ድንች ግን አይነካውም። ማታ አሮጌ አንሶላ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። የበለጠ የሚፈራ ሰው በጆንያ ወይም በባልዲ ይትከል። ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ሥሩ የተበሳ። ሁለት ዘር ይበቃዋል። መደቡ ሲበርደው የትም አይሄድም፤ ባልዲውን ግን አንስታችሁ በረንዳ ታስገባላችሁ። እማማ ዘግይተው ሲተክሉ ሁልጊዜ በባልዲ ነው። እኔ ይሄን ለማየት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አጥሩ እኮ ወገብ ድረስ ነው።

መድረሱን ለማወቅ አንዱን ጫር አድርጋችሁ አውጡ። በአውራ ጣታችሁ ልጣጩን ግፉት። ከተንሸራተተ ገና ነው። ካልተንቀሳቀሰ ቆፍሩ። ፀሐይ ላይ አታቆዩት።

ሰዓቴ አልቋል እያሉኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ቆዩ፣ ውጭ እናወራለን። በሩ አጠገብ ሁለት ሣጥን አለ። የጎነቆለ ዘር ነው፣ ቶሎ የሚደርሰው ዝርያ። ለሰው ሦስት ሦስት ይደርሳል። ኪሳችሁ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ጉንቁሉ ይሰበራል። በእጃችሁ ያዙት፣ ወደ ላይ አድርጋችሁ።